የሰዓት ሠሪው ደብዳቤ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። እኔ ሬዲዮ ላይ ነው የምሠራው። ትልቁ የዋና ከተማው ሬዲዮ እንዳይመስላችሁ። የአካባቢው የሕዝብ ሬዲዮ ነው፤ ሁለት ስቱዲዮ፣ አንድ የዜና ክፍል፣ መቼም ማፍሰሱን የማያቆም አንድ የእጅ መታጠቢያ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ድምፄ ጎርናና ስለሆነ ልጅ ሳለሁ "ወንዴ" እያሉ ያስለቅሱኝ ነበር፤ እዚህ ስገባ ያው ድምፅ "የሚያረጋጋ" ተባለ። ገበያ ሄጄ "ቲማቲሙ ስንት ነው?" ስል ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። ደስ ይለኛል፤ ለምን እዋሻለሁ? የዋሸሁት ይበቃኛል።

በብርዱ ወራት፣ በዓላቱ ሲደራረቡ፣ "ብቻዎን አይደሉም" የሚል ፕሮግራም አለኝ። ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ይጀምርና እስከ በዓሉ ዕለት በየጠዋቱ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይተላለፋል። በዓሉን ብቻቸውን የሚያሳልፉ ሰዎች ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ እኔ አነባለሁ፣ በመሃል በመሃል ዘፈን እጋብዛለሁ። ስጀምርም "ቀጥታ ከስቱዲዮ" እላለሁ።

ድንቄም ቀጥታ! ከአሥር ቀን በፊት የተቀዳ ነው። በዓል ቀን ማን ይሠራል? በዓሉ ሳይደርስ ስቱዲዮ እንገባለን። ማሞቂያው ስለሚያጉረመርም ይጠፋል። ካፖርቴን እንደለበስኩ፣ እግሬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ከአፌ እንፋሎት እየወጣ፣ "እንደምን አደራችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ፣ ዛሬ ፀሐይዋ እንዴት ደስ ትላለች!" እላለሁ። ፀሐይዋ ትውጣ አትውጣ በምን አውቄ? ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ወዲያ አፉን በእጁ አፍኖ ይስቃል። ቅጥነቱ ለጉድ ስለሆነ "ሽቦ" ነው የምንለው። በበዓሉ ዕለት ተረኛ ሆኖ የሚገባው እሱ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ የተቀዳውን ሲያጫውት እሱ ሻዩን ይጠጣል። ይሄ በእኛ ቤት እንደ ነውር አይቆጠርም፤ ሁሉም ያደርገዋል። ነውሩ የኔ ነው፤ እየመጣሁላችሁ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ከዚህ የአራት ሰዓት መንገድ ርቃ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ይኖራል፤ ሬዲዮናችን እዚያ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። እናቴ ከሞተች ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብቻውን ነው። እሷ በሞተችበት ዓመት በዓል ተረኛ ነበርኩ፤ ያኔ ገና አንቀዳም ነበርና እውነተኛ ቀጥታ ነበር። "አባዬ፣ በበዓሉ ሥራ ላይ ነኝ፤ አልመጣም" ስለው፣ "ሥራ ይቀድማል ልጄ። እኔም በሬዲዮ እሰማሻለሁ" አለኝ። ሰማኝም። ማታ ደውሎ የተናገርኩትን አንድ በአንድ ደገመልኝ።

በዓመቱ መቅዳት ጀመርን። እኔም "አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አልኩ፤ ደገምኩት። ምክንያቴን ብትጠይቁኝ፣ ያለ እናቴ ያ ቤት ይከብደኛል እላለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አራት ሰዓት አውቶቡስ፣ ቀዝቃዛ ክፍል፣ "ባልሽ እንዴት ነው? አይ፣ ለካ ፈታሽው" የሚሉ ጎረቤቶች። የኔ አልጋ ደግሞ ይሞቃል። በበዓል ጠዋት ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ የራሴን ድምፅ አዳምጣለሁ፤ አባቴም እዚያ ሆኖ "አይ የኔ ልጅ፣ በበዓል እንኳ እረፍት የላትም" እያለ እንደሚያዳምጥ አውቃለሁ። ሬዲዮኑ በሐሰት ይመሰክርልኝ ነበር ማለት ነው። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። በዚህ ምድር የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በበዓል ጠዋት ስቱዲዮ ውስጥ እንዳልሆንኩ አባቴ ያወቀ እንደሆነስ?

አሁን ወደ ሰዓት ሠሪው ልምጣ። የዛሬ ሦስት ዓመት ደብዳቤ ነጠፈ። ሰው በስልኩ "መልካም በዓል" ብሎ ሁለት አበባ ይልካል፣ አለቀ። አለቃችን ጠርቶ፣ "ደብዳቤ ከሌለ ሰዓቱን ለሙዚቃ እንሰጠዋለን" አለኝ። በእጄ የነበሩት ሁለት ደብዳቤዎች ናቸው፤ አንደኛው እንኳ "ሬዲዮናችሁ በእኛ ሰፈር አይሰማም" የሚል አቤቱታ ነው። ያን ቀን ቢሮዬ ቁጭ ብዬ እኔው ጻፍኩ። "ጡረታ የወጣሁ ሰዓት ሠሪ ነኝ" ብዬ ጀመርኩ። "ልጄ ሥራ ስለሚበዛባት ለበዓል አትመጣም። አልፈርድባትም። ብቻ በበዓል ጠዋት ተነስቼ ሁለት ወንበር እወለውላለሁ፤ አንዱ የኔ ነው፣ ሌላው ምናልባት ከመጣች ብዬ ነው።"

ይህን ከየት አመጣሽው አትሉኝም? አባቴ ነው ሁለት ወንበር የሚወለውለው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በስልክ ነግራኝ ነበር፤ "ኧረ ልጄ፣ አባትሽ ያሳዝናል" ብላ። ይህን የሰማች ልጅ ምን ታደርጋለች? አልቅሳ ትነሳለች፣ አውቶቡስ ትሳፈራለች። እኔ ጻፍኩት። ጽፌም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ትንፋሼን ቆጥቤ አነበብኩት። ሽቦ ከመስታወቱ ወዲያ ዓይኑን ሲጠርግ አይቼ ደግሞ ኮራሁ። አፈር ልብላ!

ሕዝቡ በሰዓት ሠሪው አበደ። በዓመቱ "ዘንድሮስ ጻፈ ወይ?" የሚል ስልክ መጣ። አለቃችን እጄን ጨበጠኝ። እኔም በየዓመቱ አስጻፍኩት፤ አንዴ ጥርሱ ወለቀ፣ አንዴ ድመት አሳደገ። ከሁሉ የባሰው አባቴ ነው። ደውሎ ስለራሱ ሁለት ቃል ይልና ወደ ሰዓት ሠሪው ወሬ ይሄዳል።

"ሰውየው አንጀቴን ነው የበላው" ይለኛል። "ግን ልጁ ምን ዓይነት ጨካኝ ናት?"

"ሥራ ይዟት ነው ይላል እኮ፣ አባዬ።"

"ተይ እባክሽ! ያንቺስ ሥራ ሬዲዮ ነው፤ ስትሠሪ በጆሯችን እንሰማሻለን። እሷ በበዓል ቀን ምን ትሠራለች? አትዋሽ!"

"እውነትህን ነው" አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ዘንድሮ ነገሩ ያስፈራኝ ጀመር። ሰው "ሄደን እንጠይቀው" ማለት አበዛ። እንግዲያው ቀስ ብዬ ልሸኘው፣ በሚመጣው ዓመት ዝም ቢል ማንም አይጠይቅም ብዬ አሰብኩ። "ዘንድሮ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ይህን የጻፈልኝ ጎረቤቴ ነው" አስባልኩት። "ከርሞ ላልጽፍላችሁ እችላለሁ። ልጄ ከደወለች ደህና ነው በሏት።" ይህ በበዓሉ ዋዜማ ተላለፈ። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ አሉ፤ እኔ ቤቴ ነበርኩ። አመሻሹ ላይ አባቴ ደወለ።

"ልጄ፣ የሰውየውን አድራሻ ስጪኝ።"

"የማንን?" አልኩ፣ እንዳላወቀ ሰው።

"የሰዓት ሠሪውን ነዋ! እንዲህ ሆኖ ብቻውን በዓል አይውልም። አምጥቼው ከኔ ጋር ይሁን። ክፍሉ እንደሆነ ሁለታችንን ይበቃናል።"

እውነቱን መናገሪያው ጊዜ ያ ነበር። ግን ልምድ መጥፎ ነው፤ ውሸቱ ሳልፈልገው ራሱ መጣልኝ። "አባዬ፣ የአድማጭ አድራሻ መስጠት አይፈቀድም። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው።"

"ደንብ ከሆነ ደንብ ነው። ሥራሽን አላበላሽብሽም" ብሎ ዘጋው። እኔ ደግሞ ተገላገልኩ ብዬ እንቅልፌን ለጥ አደረግሁ።

በበዓሉ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ሬዲዮኑን ሳልከፍተው ስልኬ ጮኸ። የጣቢያው ዘበኛ ነው።

"እትዬ፣ አባትዎ መጥተዋል" አለኝ።

"ማን?"

"አባትዎ ነኝ ይላሉ። ከሌሊት ጀምረው በአውቶቡስ ሲመጡ ነው ያደሩት። እትዬ ዛሬ አልገቡም ብላቸው፣ 'ምን ይላል ይሄ ሰው፣ እየተናገረች አይደል እንዴ?' ብለው ሬዲዮኔን ያሳዩኛል። ምን ልበላቸው?"

ሰማይ ምድሩ ዞረብኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። "ምንም እንዳትላቸው! ስትጨርስ ትወጣለች በላቸው" አልኩና ዘልዬ ተነሳሁ። ቤቴ ከጣቢያው ጀርባ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። በሌሊት ልብሴ ላይ ሱሪ አጠለቅኩ፣ ካፖርቴን ደረብኩ፣ ፀጉሬን በሻርፕ ጠቀለልኩ። በጄኔሬተሩ በኩል የኋላ በር አለ፤ በዚያ እገባለሁ፣ በፊት ለፊት ልክ ሥራ እንደጨረሰ ሰው እወጣለሁ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሦስት የቀረኝ ሴት በሌባ መንገድ ወደ መሥሪያ ቤቴ ስሮጥ የሚያየኝ ቢኖር ኖሮ ምን ይል ነበር!

ሽቦ ሲያየኝ ሻዩ ትን አለው። "እታለም! ምን ሆነሽ ነው? እሳት ተነሳ?"

"ዝም በል። ፊቴ ደህና ነው?"

"ትራስ ታትሞበታል" አለኝ።

ጉንጬን እያሻሸሁ በኮሪደሩ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ዘፈን ሲጀምር ሰማሁ። እፎይ፣ አለቀ፣ የመዝጊያው ዘፈን ነው አልኩ። ሽቦ ከኋላዬ "እታለም፣ ቆይ!" እያለ ይጠራኛል፤ ማን ይሰማዋል! በሩን ገፍቼ ወጣሁ።

አባቴ በዘበኛው ክፍል ደጃፍ፣ በዱሮ የሾፌር ካፖርቱ ቆሟል። አንዱ እጁ ላይ ፔርሙዝ፣ ሌላው ላይ ትልቅ ቦርሳ። ሲያየኝ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ። ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመኝ።

"ጨረስሽ? ደከመሽ አይደል? እጅሽ እንዴት ይሞቃል!"

"ስቱዲዮው ይሞቃል፣ አባዬ" አልኩ። ስቀልድ አይደለም፤ ሳላስበው ነው የወጣኝ።

"ሻይ አምጥቼልሻለሁ። ደንቡን አልጥስም ብዬሻለሁ፤ አድራሻውን አትንገሪኝ። አንቺው ሂጂና ጥሪው፤ እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ። ካልሲ አለ፣ ወፍራም ሹራብ አለ። ቤት አልጋ አንጥፌለት ነው የመጣሁት።"

ምን እንደምመልስ ሳስብ የዘበኛው ሬዲዮ ላይ ዘፈኑ አለቀ። "ከዘፈኑ ተመልሰናል" አለች አንዲት ሴት በጎርናና ድምፅ። "እኔም እዚሁ ስቱዲዮ ውስጥ ከእናንተው ጋር ነኝ።"

ክው አልኩ። ለካ የመዝጊያው ዘፈን አልነበረም። ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ፣ ዘፈኑን መሃል ላይ ያስገባሁት እኔ፤ ግን ከአሥር ቀን በፊት ነው፣ ማን ያስታውሳል! ዘበኛው እጁን ወደ ሬዲዮኑ ሰደደ።

"ተወው፣ ልጄ" አለው አባቴ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። "ፕሮግራሜን ሳልዘጋ" አለች ሬዲዮ ውስጥ ያለችው፣ "እኔም እንደ ሰዓት ሠሪው ልጅ በሥራ ምክንያት ከአባቴ ርቄአለሁ። አባዬ፣ ይቅር በለኝ፤ ልቤ ካንተ ጋር ነው፤ ለዓመቱ እመጣለሁ።" ይህን ስቀዳ ሁለት ጊዜ ነበር ያልኩት፤ የመጀመሪያው በደንብ አልተሰማም ተብሎ። አባቴ ሁልጊዜ ቤቱ እንደሚያደርገው ጆሮውን ወደ ሬዲዮኑ ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ዞሮ አላየኝም። ሲያልቅ "አሁን ዝጋው" አለው። ዘበኛው ዘጋና፣ ደግ ሰው ነው፣ በሩን የሚያስተካክል መስሎ ወጣልን።

"የተቀዳ ነው" አልኩ። "ከአሥር ቀን በፊት ነው የምንቀዳው።"

"ቤትሽ ነበርሽ?"

"አዎ። ተኝቼ ነበር።"

ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን፣ "እሺ፣ ሰውየውን ጥሪልኝና እንሂድ፤ ስድስት ሰዓት ላይ አውቶቡስ አለ" አለኝ።

"ሰውየው የለም፣ አባዬ።"

"ሞተ?!"

"አልሞተም። መጀመሪያውኑ የለም። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ።" አፌን ከከፈትኩ አይቀር ብዬ ሁሉንም አወጣሁት። "ወንበሩን… ልብስ ሰፊዋ ነግራኝ ነው። አንተ ነህ። ያንተን ነው የጻፍኩት።"

አንገቴን ደፍቼ ጫማውን ሳይ ቆየሁ። ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ለእንግዳ ብሎ።

"እኔ እኮ" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ቀስ ብሎ፣ "በየዓመቱ 'ከኔ የባሰ አለ፤ የኔዋን እንኳ በሬዲዮ እሰማታለሁ' እያልኩ ነበር የምጽናናው።"

አለቀስኩ። ይቅርታ አልኩ፤ ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም። ፔርሙዙን ከፍቶ ሻይ ቀዳልኝና እስክጨርስ ጠበቀ። ከዚያ ግንባሩን አሻሸ።

"አሁን ለጎረቤት ምን ልበል?" አለ። "ሰዓት ሠሪውን ላመጣው ነው ብዬ ነግሬአቸው ቤቱን እያሞቁ እየጠበቁ ነው።"

"እውነቱን ንገራቸው።"

"እኔ አልችልም" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "በየበዓሉ 'ዝም በሉ፣ ልጄ ልትናገር ነው' ስላቸው የኖርኩት እኔ ነኝ። በየት አፌ? አንቺው ነይና ንገሪያቸው።"

በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ሄድን። እንደ ነበርኩ፣ በሌሊት ልብሴ ላይ ካፖርት ደርቤ። መንገድ ላይ ሾፌሩ ማርሽ ሲያስቸግረው አባቴ "ቀስ በል እንጂ" ይላል ለራሱ። እኔ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በንግግር የኖርኩ ሴት አንድ ዓረፍተ ነገር መግጠም አቃተኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ደረስን። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ምድጃው ይነዳል። ልብስ ሰፊዋ ብድግ ብላ አቀፈችኝ። "እንዴ! ጠዋት ሬዲዮ ላይ አልነበርሽ? በክንፍ ነው የመጣሽው?" ሁሉም ሳቁ። አናጢው ጎረቤታችን የቆመ የግድግዳ ሰዓት ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ሰዓት ሠሪው ሥራ ቢፈታ ይከፋዋል፣ እጁን ያፍታታ ብሎ ነው ያመጣው።

"ሬዲዮ ላይ አልነበርኩም" አልኩ ከበሩ ሳልርቅ። "የተቀዳ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በበዓል ቀን ሥራ አልነበረኝም። አባዬን የምዋሸው እኔ ነኝ፤ እሱ አያውቅም ነበር።"

 አንዱ አሳለ። ልብስ ሰፊዋ አባቴን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ነገሩን ልታቀልልኝ ፈልጋ መሰለኝ እጇን አወናጨፈች።

"እሱን ለኋላ እናወራዋለን። ሰዓት ሠሪውስ? ምነው ቀረ? ደህና አይደለም እንዴ?"

ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ። አናጢው ሰዓቱን ከጭኑ ከፍ አደረገ።  መንገድ ሙሉ ስፈልገው የነበረው ዓረፍተ ነገር አሁንም አልመጣልኝም። አባቴ ካፖርቱን እያወለቀ ነበር።

"ደህና ነው" አለ ወደ ማንም ሳያይ። "ልጁ መጥታለት ነው።"

"ተመስገን!" አሉ በአንድ አፍ። "ይኸው፣ ልብ ገዛች! እሰይ!" ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አናጢው "ታዲያ ሰዓቴን ማን ይሠራልኛል?" ብሎ ቀለደ፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ያን ያህል ያዋረድኩት ሰው እኔን ሸሸገኝ። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም።

ዝም ብል ያልፍ ነበር። ሰባት ዓመትም ያለፈው ዝም ብዬ ነው።

"ልጁ እኔ ነኝ" አልኩ። "ሰዓት ሠሪ የሚባል ሰው የለም። ሁሉንም እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ሳቁ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አናጢው ለጥቂት ጊዜ ሰዓቱን ሲያይ ቆየና በብብቱ ሸጎጠው። "መልካም በዓል" አለ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አባቴ። አባቴም በሩ ድረስ ሸኘው።